ባለዕዳ የሚያደርገው ጉድጓዱ ሳይሆን ድንኳኑ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
አዲስ አበባ

ስለ ኑሮ ውድነት በተጻፈ ቁጥር የጤፍ፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ይነሣል። የለቅሶ ወጪ አይነሣም። ቤት ውስጥም ቢሆን "እናታችን ቢያርፉ ስንት ብር ያስፈልገናል?" ብሎ የጠየቀ ልጅ ሟርተኛ ይባላል። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው ሬሳው ከቤት ሳይወጣ፣ እንባው ባልደረቀ ሰው ስም፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። እኛ የሰፈር እድር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነን። ለእድርተኛ ስለ እድር መጻፍ ለቀባሪው እንደ ማርዳት ቢሆንም፣ መዝገቡ ላይ ያው ስሕተት በየወሩ ሲደጋገም ስለምናይ ይህን ደብዳቤ ልከናል።

መጀመሪያ ወጪው የት የት እንደሚወጣ እንለየው። እስከ ቀብር ያለው አንድ ነው፦ የሞት ማስረጃ፣ መገነዣ፣ ሳጥን፣ መኪና፣ ፍትሐት፣ የመቃብር ቦታና ቁፋሮ። ሁለተኛው እስከ ሣልስት ያሉት ሦስት ቀናት፣ ማለትም ድንኳኑና ድንኳኑ ሥር የሚበላው የሚጠጣው ነው። ሦስተኛው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው፦ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት፣ ሐውልት። ሰው የሚፈራው የመጀመሪያውን ነው፤ ለሱ ደግሞ እድር አለው። የሚያስበድረውና ዕቃ የሚያሸጠው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው።

ስለ መጀመሪያው እንነጋገር። ሰው ሆስፒታል ሲያርፍ ቀሪ ሒሳብ ተዘግቶ የሞት ማስረጃ እስኪሰጥ ሬሳ አይወጣም። ሌሊት ከሆነ ካርድ ክፍሉና ሒሳብ ክፍሉ ተዘግተው ሊሆን ስለሚችል "በጠዋት እናወጣለን" ብሎ ለሕዝብ ከመናገር በፊት መጠየቅ ይበጃል። በመኪና አደጋ ወይም በድንገት ያረፈ ሰው ጉዳይ ደግሞ በፖሊስ በኩል ያልፋል፤ የአስከሬን ምርመራ ይታዘዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ከክፍለ ሀገርም ሬሳ እየመጣ ወረፋ ይያዛል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው ችግር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ዘመድ "ቀብሩ ነገ በ6 ሰዓት ነው" ብሎ ያስነግራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ አውቶቡሱ ይከራያል፣ ምርመራው ግን ለከነገ ወዲያ ይሆናል። የተከራየው አውቶቡስ ገንዘብ አይመለስም፤ የተቀቀለውም አያድርም። ወረቀቱ እጅ ሳይገባ ሰዓት አይነገር። ጥሩምባ ነፊውም ቢሆን መጀመሪያ ሞቱን ያሰማ፤ ሰዓቱን በኋላ።

ለኦርቶዶክስ ምእመን ሁለት ነገር ከሳጥን ይቀድማል፦ የሰበካ ጉባኤ አባልነትና የንስሐ አባት። አባልነቱ ለዓመታት ያልተከፈለ ከሆነ ውዝፉ የሚጠየቀው በዚያች ጠዋት ነው፤ ደብሩ ቢለወጥና ካርዱ በድሮው ሰፈር ቢሆን ከዚያ ደብዳቤ ይጠየቃል። ዓመታዊው ክፍያ ትንሽ ነው፤ ውዝፉ ግን ከሌላው ጋር ሲደመርና የሚሮጥ ሰው ሲፈለግ ያስመርራል። የንስሐ አባቱን ስልክ የሚያውቀው ሟቹ ብቻ ሆኖ የሚቸገር ቤተሰብ ደግሞ ከምንገምተው በላይ ብዙ ነው። ቁጥሩ በሟች ሞባይል ውስጥ አለ፤ ሞባይሉ በጣት አሻራ ይከፈታል።

ቀጥሎ የመቃብር ቦታ ነው። በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ መሬቱ እየጠበበ ስለሄደ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ፉካ ነው፤ በሲሚንቶ ተደራርቦ የተሠራ፣ ሳጥኑ ተገፍቶ ገብቶ ፊቱ የሚደፈን። ከመክፈል በፊት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ያለባችሁን እንንገራችሁ። ለስንት ዓመት ነው? ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል ወይስ አጽሙ ይፈልሳል? የሚፈልስ ከሆነ ወዴት፣ ለማንስ ይነገራል? ቁፋሮው፣ ግንበኛው፣ መድፈኛው ሲሚንቶ በክፍያው ውስጥ ናቸው ወይስ ለየብቻ? ሐውልት ማቆም ይፈቀዳል? ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጣል? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደረሰኙ ገንዘቡን ይዞ በሮጠው የሩቅ ዘመድ ወይም በእድሩ ተላላኪ ስም ከተቆረጠ፣ ከዓመታት በኋላ የአጽም ፍልሰት ጥሪ ሲመጣ ልጆቹ አይታወቁም። ቤተሰቡ አንድ የታወቀ ሰው መርጦ በሱ ስም ያስቆርጥ፤ የደረሰኙንም ፎቶ ለሁሉም ይላክ።

ሳጥኑ ላይ ብዙ አንቆይም። በሳጥን ቤት የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ከእንጨቱ ይልቅ ከላይ ከሚለብሰው ከፈይ፣ ከእጀታውና ከቫርኒሹ ነው። አፈር ለሚለብሰው ነገር ኮምፔርሳቶ በቂ ነው ብለን በግልጽ እንናገራለን፤ የሚከፋው ይክፋው። ከዋጋው ይልቅ ልኩን ተጠንቀቁ። ፉካ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የፉካውን አፍ ስፋትና ከፍታ በሜትር ለክቶ፣ ከእጀታው ውጪ ጫፍ እስከ ሌላው እጀታ ውጪ ጫፍ ካለው የሳጥኑ ስፋት ጋር ማመሳከር ነው። ሳጥን ሻጭ ስፋት ሲባል እንጨቱን ብቻ ይናገራል። ከውጭ አገር የሚመጣ ሬሳ ያለበት ሳጥን ደግሞ ከኛ ይሰፋል፤ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ፍትሐቱ ከተደረሰ በኋላ እጀታ በመዶሻ ሲነቀል ማየት ለሐዘንተኛ ሁለተኛ ሞት ነው።

ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይህ ክፍል አጭርና ርካሽ ነው። ለወንድ 3፣ ለሴት 5 ቁራጭ ነጭ ከፈን፣ እጥበት፣ መኪና፣ ቁፋሮ፤ ጀናዛው በተቻለ መጠን በዕለቱ ይቀበራል። ወጪው የሚያድገው እንግዳ ሲበዛና ሰደቃ ሲታከልበት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ምግብ የምንለው ለእነሱም ይሠራል፤ ቀብሩ ፈጣን ስለሆነ ግን ጥሬ ገንዘቡ በዚያው ጠዋት ሊኖር ይገባል፤ የባንክ ሰዓት የሚጠበቅበት ጊዜ የለም።

እድር ምን ይሰጣል? በዓይነት የሚሰጠውንና በጥሬ ገንዘብ የሚሰጠውን ሰው ይቀላቅላል። በዓይነት ድንኳን፣ ወንበር፣ ሰታቴ፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጀበናና ስኒ፣ የሚቆፍርና የሚያድር ጉልበት ይሰጣል። የሴቶች እድር ደግሞ እጅ ይሰጣል፤ ጋጋሪና ወጥ ሠሪ ቀጥሮ የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት እንደሆነ ያውቃል። በጥሬ ገንዘብ የሚሰጠው እንደ ዝምድናው ይለያያል፦ ለአባል ወይም ለትዳር ጓደኛ አንድ ልክ፣ ለልጅ ሌላ፣ ለወላጅ ሌላ፣ ለወንድምና ለእህት ከሁሉ ያነሰ ወይም ምንም። ልኩ ደንቡ ላይ አለ። ደንቡን አንብቦ የሚያውቅ አባል ግን ከአሥር አንድ አይገኝም ብንል አናጋንንም።

ክፍያ የሚከለክሉት ምክንያቶች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። የቤተሰብ ዝርዝሩ ሲመዘገቡ እንደተሞላ መቅረቱ ዋናው ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ ልጅ፣ ያገባው ልጅ ሚስት፣ ከገጠር መጥተው አብረው የሚኖሩ እናት ቅጹ ላይ የሉም። ሁለተኛው ስም ነው። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በቤት ስም፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ፣ የሞት ማስረጃው ላይ ያለው ሦስተኛ። የባለቤት እናት ሲሆኑ ደግሞ ዝምድናውን የሚያሳይ ወረቀት ከነጭራሹ አይኖርም። ሦስተኛው ውዝፍ ነው፤ ብዙ ደንቦች ለተወሰኑ ወራት ያልከፈለን ይሰርዛሉ፣ ዕዳውን በአንዴ ቢከፍልም እንደ አዲስ ይቆጥሩታል። አራተኛው፣ አሁን አሁን የበዛው፣ ሰፈር መልቀቅ ነው። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ይበተናሉ። የድሮው እድር ቢቀጥልም ድንኳኑን ከዚያ ተሸክሞ የሚመጣ የለም፤ አዲሱ እድር ደግሞ መግቢያ ይጠይቃል፣ ከተመዘገቡም በኋላ ክፍያ ሳይኖር የሚጠበቁ ወራት አሉት። በዚህ መሐል ያለ ቤተሰብ እድር እንዳለው ያስባል እንጂ የለውም። ከሄዳችሁበት ሰፈር እድር ገብታችሁ የጥበቃው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ የድሮውን አታቋርጡ። ሁለቱን ለጥቂት ወር መክፈል ይሻላል።

ባል የመሥሪያ ቤት እድር አለው፣ ሚስት የሴቶች እድር አላት፣ ሁለቱም የሰፈር እድር አላቸው። ቤተሰቡ ሦስቱን ደምሮ "ይበቃናል" ይላል። ድምሩ ልክ ቢሆንም ጊዜው ልክ አይደለም። የሰፈሩ እድር በዕለቱ ይከፍላል። የመሥሪያ ቤቱ እድር የሞት ምስክር ወረቀት፣ ማመልከቻና ፊርማ ይጠብቃል፤ ገንዘቡ የሚደርሰው ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለየብቻ መልሱ፦ "በጠቅላላው ስንት ይጎድለናል?" እና "በመጀመሪያው ቀን እጃችን ላይ ስንት አለ?" ሰው በወለድ የሚበደረው ሁለተኛውን ባለማሰቡ ነው፤ ያውም በሳምንቱ ለሚመጣ ገንዘብ።

የሟቹ ባንክ ደብተርም አያድንም። ባንክ ሞቱን ሲሰማ ሒሳቡን ያግዳል፤ የሚለቀው በፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው፤ ይህም ወራት ይወስዳል። በሟች ካርድ ከማሽን ማውጣት የሚያስወቅስ ብቻ ሳይሆን የሚያስከስስ ነው፤ ወንድማማች የሚለያየው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ሕያው እያሉ ለዚህ ጉዳይ የሚሆነውን ያህል ገንዘብ በሚተማመኑበት ሰው ስም ወይም በጋራ ማስቀመጥ ነው። የጋራ ሒሳብ ሲከፍቱም አንዱ ሲሞት ሌላው ብቻውን ማውጣት ይችል እንደሆን ባንኩን ቁርጥ አድርጎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዕቁብ ለዚህ አይሆንም፤ ሞት ዕጣ አይጠብቅም። ዳኛው ደግ ከሆነ ለሐዘንተኛ ያስቀድም ይሆናል፤ በሰው ደግነት ላይ ግን በጀት አይሠራም።

አሁን ወደ ድንኳኑ እንግባ። አብዛኛው ብክነት የሚደርሰው ልክ ሳይታወቅ ስለሚገዛ ነው፤ "እንዳያንስ" የምትለው ቃል ብዙ ታስወጣለች። ከቀብር ለሚመለስ 300 ሰው ንፍሮ እንቀቅል ብንል፣ 1 ኪሎ ጥሬ እህል ሲቀቀል ከ2 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ አንድ ሰው በእፍኙ 100 ግራም ያህል ይዘግናል፤ ስለዚህ 1 ኪሎው ለ20 ሰው ይበቃል። ለ300 ሰው 15 ኪሎ፦ 10 ስንዴ፣ 5 ባቄላ ወይም ሽምብራ። አንድ ኩንታል የሚገዛ ሰው አለ። ባቄላውና ሽምብራው ማታውኑ ካልተዘፈዘፈ ስንዴው ሲፈነዳ እሱ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ሰው ይዘግነውና አይበላውም፣ ግማሹ ሰታቴ ይደፋል። ረስታችሁ ካልዘፈዘፋችሁ ለየብቻ ቀቅላችሁ በመጨረሻ ቀላቅሉት።

እንጀራ ለሚበላ 250 ሰው፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ተኩል ብንል 375 እንጀራ ነው። ከ1 ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት ከ4 እስከ 5 ይወጣል፤ በ5 ብናሰላው 75 ኪሎ ዱቄት። ሽሮ ለአንድ ሰው 30 ግራም ያህል ስለሚበቃ 7 ኪሎ ተኩል። 1 ኪሎ ስኳር ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ለሚደረግበት ሻይ ወደ 120 ብርጭቆ ያጣፍጣል። ውኃውን ደግሞ ተመልከቱ፦ የታሸገ ግማሽ ሊትር ለ300 ሰው 300 ጠርሙስ ነው፣ ግማሹ ሳይጠጣ ወንበር ሥር ይቀራል። ባለ 20 ሊትሩ 80 ብርጭቆ ስለሚሞላ አራቱ ለ300 ሰው ይበቃሉ፤ ብርጭቆው ከእድሩ አለ። የታሸገ ውኃ መቼ የለቅሶ ደንብ እንደሆነ አናውቅም፤ ዛሬ ግን ከዳቦ ይልቅ እሱ ይከፈልበታል።

ከግዢ በፊት ደግሞ እዝኑን ጠብቁ። ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ መምጣቱ ባህሉ የሠራው መድን ነው። ቤተሰቡ ራሱ ሁሉን ገዝቶ ሲያበስል የመጣው እዝን ተደራርቦ ይሻግታል። ሁለት ሴቶች በር ላይ ሆነው የመጣውን በዝርዝር ቢይዙ፣ ለሚቀጥለው ምግብ ምን እንደጎደለ ብቻ ይገዛል። አንዳንድ እድሮች በቀብር ቀን ምሳ፣ ሥጋና መጠጥ በደንባቸው ከልክለው ድንኳኑ በሣልስት እንዲፈርስ ወስነዋል። ጥሩ ውሳኔ ነው። የሚጠቅመውም የሌለውን ነው፤ "ደንቡ ከለከለን" ሲል ማንም አያፍርም፤ "አቅም አነሰን" ማለት ግን አንገት ያስደፋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም (ቁጥር 1156/2011) ለቅርብ ዘመድ ሞት የሚፈቅደው 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀመጥ ሠራተኛ ደመወዙንም እያወጣ ነው።

ውጭ ያሉ ልጆች እስኪመጡ መቆየት ሌላው ትልቅ ወጪ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ልጅ እስኪደርስ ሬሳው ማቀዝቀዣ ውስጥ በቀን ይከፈልበታል፤ ይህ ግን ትንሹ ነው። ትልቁ ከቀብሩ በፊት ድንኳኑ ተተክሎ ሰው መዋል መጀመሩ ነው። ሦስት ቀን ቢጠበቅ ሦስት ቀን ቁርስ፣ ምሳ፣ ሻይ ተጨመረ፤ ሣልስቱ ደግሞ የሚቆጠረው ከሞቱ ወይስ ከቀብሩ በሚል ክርክር ሌላ ቀን ይጨመራል። መጠበቅ ግድ ከሆነ ድንኳኑ ለቀብሩ ዋዜማ ይተከል፤ እስከዚያ የቅርብ ቤተሰብ ብቻ በቤት ይቀመጥ። ከውጭ የሚላከው ገንዘብም ለማን እንደሚላክ አንድ ሰው ይወሰን። ለሦስት ዘመድ ከተላከ ሦስት ሰታቴ ይጣዳል። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ሬሳ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሥራ ውል፣ የመኖሪያ ፈቃድና የአሠሪው ኃላፊነት ጉዳይ በኤምባሲው በኩል ስለሚታይ፣ የውሉና የፓስፖርቱ ቅጂ እዚህ ቤት መኖሩ ቀን ያሳጥራል።

አርባውን በተመለከተ ቤተ ክርስቲያን የምትፈልገው ጸሎቱን፣ ቅዳሴውንና ለነዳያን የሚሰጠውን ነው፤ የበሬው ብዛት የጎረቤት ዓይን የጠየቀው ነው። ከዚህ በላይ እንዳንል ካህናቱ ይሻላሉ። እኛ ከመዝገብ የምናውቀው ለአርባ የተበደረ ለሙት ዓመቱ እየከፈለ እንደሚገኝ ነው።

በወራሾች መካከል የሚነሣውን ክርክር ለማስቀረት ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1014 ከሟች ሀብት የሚከፈለውን ቅደም ተከተል ሲያስቀምጥ የቀብር ወጪን ከዕዳም ከስጦታም በፊት ያደርገዋል። በእስልምናም ቅደም ተከተሉ ተመሳሳይ ነው፦ ቀብር፣ ዕዳ፣ ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜ፣ ከዚያ ውርስ። ማለትም ያወጣችሁትን መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ማስረጃ ካላችሁ። ሳጥን ቤቱም፣ ባለ መኪናውም፣ ደብሩም ደረሰኝ ይስጥ፤ ደረሰኝ ከሌለው ተቀባዩ በወረቀት ይፈርም። የሰርግ ያህል ለሚደገስ ተዝካር ግን ከውርሱ ይተካልኝ ማለት ሌሎቹ ወራሾች ቀድመው ካልፈረሙ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የቀብር ቃልን ኑዛዜ ውስጥ ብቻ አትጻፉ። ኑዛዜ በተለምዶ የሚነበበው ከአርባው ወዲያ ነው። "በትውልድ አገሬ ቅበሩኝ፣ ሳጥኔ ተራ ይሁን፣ ሐውልት አታቁሙ" የሚል ቃል ሲነበብ ሐውልቱ ታዝዟል። ይህ የሚጻፈው በአንድ ገጽ ላይ ነው፤ ገጹም ከመታወቂያ ጋር፣ ሁሉ የሚያውቀው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ። ገጹ ላይ የሚሰፍረው ይህ ነው፦ መታወቂያ ላይ እንዳለ ሙሉ ስምና የክርስትና ስም፤ የንስሐ አባት ስምና ስልክ፤ ደብሩና የሰበካ ጉባኤ ካርዱ የተከፈለበት የመጨረሻ ዓመት፤ የየእድሩ ስም፣ የጸሐፊው ስልክ፣ በደንቡ መሠረት የሚከፍለው ልክና በስንት ቀን እንደሚከፍል፤ የት መቀበር እንደሚፈልጉ፤ ገንዘቡን ማን እንደሚይዝ። የመጨረሻው ሰው ሐዘንተኛው ራሱ አይሁን፤ ገንዘብ የማያሳዝነው ዘመድም አይሁን።

ከዚያ ሒሳቡን እንዲህ አስሉት። ቁጥሩ አካሄዱን ለማሳየት ነው፤ የናንተን በናንተ ሰፈር ዋጋ ሙሉ። ጠቅላላው በግምት 81,000 ብር ቢሆን፣ የሦስቱ እድሮች ድምር 45,000 ቢሆን፣ የሚጎድለው 36,000 ነው። በሁለት ዓመት ለማጠራቀም በወር 1,500። ከ45,000ው በዕለቱ የሚገኘው ግን የሰፈሩ እድር 20,000 ብቻ ነው። እስከ ሣልስት የሚወጣው 60,000 ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ጉድለት 40,000 ነው፤ ከጠቅላላው ጉድለት ይበልጣል። በእጅ መኖር ያለበት ይህኛው ነው። ዋጋውን በየመስከረሙ አድሱት።

አሁን ወደ ራሳችን፣ ወደ እድር ኮሚቴዎች። አባላት "ክፍያው አነሰ" ይላሉ፤ መዋጮ ይጨመር ሲባል ደግሞ ስብሰባው ይበተናል። 200 አባል በወር 50 ብር ቢያዋጣ በዓመት 120,000 ነው። ለአባልና ለትዳር ጓደኛ 20,000፣ ለወላጅ 8,000 የሚከፍል እድር በአንድ ክፉ ዓመት 3 አባልና 9 ወላጅ ቢያርፍበት 60,000 እና 72,000፣ በድምሩ 132,000 ይከፍላል። የጥበቃና የጥሩምባ ነፊ ደመወዝ፣ የድንኳን ሸራ ጥገና ሳይቆጠር 12,000 ጎደለ። እድርን የሚያራቁተው የአባል ሞት እንዳልሆነ አያችሁ፤ እያንዳንዱ አባል የራሱንና የባለቤቱን፣ እስከ አራት ወላጅ ይዞ ይገባል። መዋጮው 60 ቢሆን 144,000 ይገባል፤ 10 ብሯ ናት የምታሳድረው። ስለዚህ ኮሚቴዎች የአምስት ዓመት መዝገብ ገልጣችሁ ከሁሉ የከፋውን ዓመት ቁጠሩ፤ መዋጮውን በሱ ላይ ወስኑ፤ የዚያን ዓመት ክፍያ የሚያህል ገንዘብ ደግሞ በመጠባበቂያነት አስቀምጡ። የአዲስ አባል መግቢያም በግምት አይሁን፦ ጥሬ ገንዘቡና ንብረቱ 400,000 የሚገመት፣ 200 አባል ያለው እድር መግቢያው 2,000 ነው። በዚህ ላይ ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ አዲስ ገቢ የጥበቃ ወራት መጨመር ጭካኔ አይደለም።

ገንዘብ ያዡ ከሁሉ ከፍተኛ የሆነውን አንድ ክፍያ ያህል በእጁ ወይም በቴሌብር ይያዝ። ሦስት ፈራሚ ያለው የባንክ ሒሳብ ሌባን ለመከላከል ጥሩ ነው፣ ለቅዳሜ ማታ ሞት ግን አይረዳም። አንዱ ፈራሚ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ተተኪው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወሰን። ባል ያረፈባት ሚስት በምን ሁኔታ እንደምትቀጥል፣ ደንቡ ዝም ያለ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይጻፍ፤ በድንኳኑ ውስጥ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

የቀሩ ሁለት ነገሮች። ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ (ቁጥር 760/2004) ያዛል። ለመሥሪያ ቤት እድሩ፣ ለጡረታው፣ ለባንኩና ለወራሽነቱ ሁሉ የሚጠየቀው ያው የሞት ምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ ከሣልስት ማግስት አንድ ሰው የሆስፒታሉን ማስረጃና የሟችን መታወቂያ ይዞ ወረዳ ይሂድ፤ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ሳያይ ከመስኮቱ አይነሣ። "ኃይለ" እና "ሃይለ" ወር ያመላልሳሉ።

ሐውልቱን አታጣድፉ። አዲስ የተቆፈረ አፈር አንድ ክረምት ሳያልፍበት አይረጋም፤ በአርባው የተቀመጠ እብነ በረድ በነሐሴ መሐሉ ሰርጎ ይሰነጠቃል። ያ ገንዘብ እስከ ሙት ዓመቱ ይቆይ፤ ከዚያም በፊት ደብሩ የሚፈቅደውን ልክ በጽሑፍ ተቀበሉ፣ ለሠሪውም ከግማሽ በላይ ቀብድ አትስጡ፤ ቀሪው የሚከፈለው ተተክሎ ጽሑፉ ከተነበበ በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረት የተሳሳተበት ሐውልት ለማስተካከል ሌላ ድንጋይ ይገዛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
በአዲስ አበባ የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ